ቁሌቱ መጨረሻ ላይ

ካሁን በፊት ላላገኘኋችሁ ባጭሩ ልንገራችሁና ልቀጥል። ጊዜ የለኝም።

ብዙአየሁ አድማሴ እባላለሁ። ዱባይ፣ የህንድ ቤተሰብ ቤት፣ ስድስት ዓመት ምግብ ሠርቼ ወደ መካነ ሰላም ተመለስሁ። ሥጋ የማይነኩ፣ እንቁላል የማይነኩ ሰዎች ነበሩ። ዓመቱን ሙሉ ምስር፣ አተር፣ ሽምብራ። ማዳሜ «ክክ አንድ ምግብ አይደለም፣ ሠላሳ ምግብ ነው» ትል ነበር። ሠላሳውን ባልችል ዘጠኙን እችላለሁ። አሁን በእናቴ ቤት፣ በዚያችው ጓዳ፣ በጾም ቀን እሠራለሁ። የቢሮ ሰውና አስተማሪ እየመጣ ይበላል።

አንድ ረቡዕ ኒቆዲሞስ መጣ። ሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ያስተምራል፤ እሑድ ደግሞ ዲያቆን ነው። ሳህኑን አየና፣

«ይኼ ምንድን ነው?» አለኝ።

«ምስር።»

«ምስርማ እናቴም ትሠራለች።»

«እንግዲያ እናትህ ጋ ብላ።»

ጠርጎ በላ። ዓርብ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ የመጣባቸውን ረቡዕና ዓርቦች እኔ አልቆጠርኋቸውም። እሱ ቆጥሯል።

ልንጋባ አሰብን። ችግሩ አባቱ ናቸው፤ ቄስ ወልደሩፋኤል። ኒቆ ቅስና መቀበል ይፈልጋል። ዲያቆን ደግሞ ቅስና ከመቀበሉ በፊት በቁርባን ማግባት አለበት፤ አባቱ ያሰቡለት ወግዲ ያለች የመሪጌታ ልጅ ናት። እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ። ያውም ከአረብ አገር የመጣሁ። ከአረብ አገር ስለመጣች ሴት የሚወራውን እናንተም ታውቁታላችሁ፤ አልደግመውም።

በሁዳዴ ሦስተኛው ሳምንት ኒቆ ደብዳቤ ላከልኝ። ስልክ እያለው ደብዳቤ! እንዲህ ይላል፤

«አባቴ ትናንት ተናገሩ። ሴት በጾም ትታወቃለች አሉ። የእናቷ የሰንበቴ ተራ በሚመጣው እሑድ ነው፣ እጇን እናያለን፣ ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ መላኬን አለመላኬን ያን ዕለት እነግርሃለሁ አሉኝ። ብዙዬ፣ አደራ፣ ሽሮ ሥሪ።»

አደራ ሽሮ ሥሪ። ያቺን መስመር አሥር ጊዜ አነበብኋት። አፈረብኝ ማለት ነው? በምግቤ ነው ወይስ በኔ? ለእናቴ ሳነብላት «ልክ ብሏል፣ ሽሮ ሥሪ» አለች። ሁለቱ ሲስማሙ ጊዜ እልህ ያዘኝ።



*

የሽምብራውን ክክ ቅዳሜ ዘፈዘፍሁ። የምስሩን ክክ ውኃው እስኪጠራ አጠብሁ። እሑድ ጠዋት ሁለቱንም በእርድ ብቻ ቀቀልሁ፤ ሽንኩርት የለ፣ በርበሬ የለ። እናቴ ንግሥቴ በርጩማዋ ላይ ሆና ያበጠ ጉልበቷን እያሸች ታየኛለች።

«ቁሌቱስ?»

«መጨረሻ ላይ።»

«መጨረሻ ላይ? ሰውዬው ከተቀበረ በኋላ ነው ሐኪም የሚጠራው?»

«እማ፣ ተይኝ።»

እኛ ሽንኩርቱን አቁላልተን ነው ክኩን የምንጨምረው። እነሱ ክኩ በስሎ፣ ተመትቶ፣ ሊቀርብ ሲል ነው ዘይቱን በትንሽ ድስት ለብቻ የሚያግሉት። ከሙኑ ሲንጣጣ፣ ነጭ ሽንኩርቱ ሲቀላ፣ ዛላው በርበሬ ጠቆር ሲል፣ ሽው! ክኩ ላይ ይደፋና ቶሎ ይከደናል። ሽታው እዚያው ታፍኖ ይቆያል። ክዳኑ የሚነሳው ሰው ፊት ነው።

ከዱባይ ያመጣሁት ሄል አልቆብኝ ነበር። በሱ ፋንታ ኮረሪማ አደረግሁ። አብሽም ጣል አደረግሁበት። አንዱ ስህተቴ እሱ ነው።

ድስቱን ከጎረቤቴ ከምህረት ጋር ግራና ቀኝ ይዘን ወጣን። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ምህረት አፏ ስለት ነው። 

የሰንበቴው ቤት ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ ነው። ቅዳሴው አልቆ ሰው ገብቷል። ካህናቱ ከላይ፣ ሽማግሌዎቹ በግድግዳው ዙሪያ፣ እኛ ሴቶቹ ከበሩ ወዲህ። ቄስ ወልደሩፋኤል መስቀላቸውን ይዘው ከመካከል ተቀምጠዋል። እንጀራ የሚያድለው ኒቆ ነበር። አንዴ አየኝ። ድስቱን አየ። ሽሮ እንዳልሆነ ከአያያዜ ያወቀ ይመስለኛል፤ ዓይኑ ፈራ።

የሰንበቴው ሙሴ፣ አለቃው ማለት ነው፣ ጋሽ አራጌ ናቸው። «በሉ የንግሥቴ ድስት ይከፈትና ይባረክ» አሉ።

ከፈትሁ።

ሽታው ወጣ። ማዳሜ ብትኖር ታጨበጭብ ነበር። ካህናቱ ግን እርስ በርስ ተያዩ።

«ኧረ በስማም!» አሉ እቴቴ በዛች፤ ከሴቶቹ አንጋፋዋ። «ይኼማ ቅቤ ነው!»

«ዘይት ነው እቴቴ።»

«አንቺ ልጅ፣ እኔ ቅቤ ሳነጥር አንቺ አልተወለድሽም። ኮረሪማው ይኸው፣ አብሹ ይኸው፣ እርዱ ይኸው። የቀረችው ላሟ ብቻ ናት!»

ሰው ሳቀ። በጾም እንደሚሳቀው፣ በአፍንጫ።

ያኔ ነው የገባኝ። ቅቤ ሲነጠር የሚሸተን ቅቤው አይደለም፣ ቅመሙ ነው። እኔ ያንኑ ቅመም አንድ ሳላስቀር በትኩስ ዘይት አንጣጥቼ፣ ከድኜ፣ ካህናት ፊት ከፈትሁት። በሁዳዴ።

ጋሽ አራጌ ጎንበስ ብለው ክዳኑን አዩ። ዳሩ ላይ የፈሰሰው በብርዱ ቢጫ ሆኖ ረግቷል። በጥፍራቸው ነካ አደረጉት።

«ረግቷል» አሉ።

«የሱቅ ዘይትም ይረጋል!» አለች ምህረት ከኋላዬ። «እናንተ ቤት አይረጋም? ወይስ እናንተ ከሰማይ ነው የምትቀዱት?»

«ዝም በይ አንቺ! ቤተ ክርስቲያን ነው ያለሽው!»

ሁሉም ወደ ቄስ ወልደሩፋኤል ዞረ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ድስቱን አዩ፣ እኔን አዩ፣ መስቀሉን ከድስቱ ወደ እንጀራው መለሱት።

«ዛሬ እንጀራውን በጨው እንቀምሳለን» አሉ።

ኒቆን ፈለግሁት። የያዘውን እንጀራ አስቀምጦ፣ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። አንዲት ቃል ቢል ምን ነበረበት? አንዲት ቃል!

ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጎትቼ እኔም ወጣሁ፣ ድስቱን እዚያው ትቼ። መንገዱን አላየሁትም። ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ሲንጣጣ ብቻ ይሰማኝ ነበር።

*

እናቴ «ነግሬሽ ነበር» አላለችኝም። ምን ያህል እንዳዘነችልኝ በዚያ አወቅሁ። ሁሉንም ሰምታ ሲያበቃ ግን አንድ ነገር ጠየቀች።

«ቁሌቱን በየትኛው ነው የሠራሽው?»

«በትንሿ ድስት።»

«በየትኛዋ ትንሽ?»

«መደርደሪያው ላይ ያለችዋ። ጥቁሯ።»

ጉልበቷን ማሸት አቆመች።

«ምነው እማ?»

«ቅቤ የማነጥርባት ናት።»

በቅበላ ማግስት በየቤቱ ዕቃ በአመድና በፈላ ውኃ ይፈተጋል፤ የቅባት ወዝ ወደ ጾሙ እንዳይሻገር። ይህን የማያውቅ የለም። ዘንድሮ ግን ጉልበቷ ስላበጠ ዕቃውን ተካፈልነው፤ ግማሹን እሷ፣ ግማሹን እኔ።

«አጥበሻታል አይደል?» አልኋት።

«ያንቺ ድርሻ ውስጥ ናት ብዬ ተውኋት።»

«እኔ ደግሞ ያንቺ ናት ብዬ።»



ጓዳ ገብቼ ድስቷን አነሳሁ። የዛሬው ዘይት፣ ያረረ ከሙን፣ ከሥሩ ጥቁር። ጠረግኋት። አሸተትኋት። ወደ ብርሃን አውጥቼ አየኋት። ምንም አይለይም። ምናልባት ያን ቀን ሁለታችንም አጥበናት ይሆናል፤ ምናልባት ማናችንም።

ምህረት በሩን ሳታንኳኳ ገባች፤ ትቼው የመጣሁትን ድስት ታቅፋ። ከላዩ አንድ ሳህን ያህል ጎድሏል።

«ማን ነካው?» አልሁ።

«ዲያቆንሽ በላው።»

«የቱ ዲያቆን?»

«ስንት አለሽ?»

ቁጭ ብላ ነገረችኝ። ኒቆ የወጣው እጁን ሊታጠብ ነው። ተመልሶ ገባ፣ ድስቱ አጠገብ ተቀመጠ፣ በሳህን ቀዳ፣ ቆረሰ፣ ጎረሰ። እቴቴ በዛች «አዙራበታለች እንጂ በጤናው አይደለም» አሉ። አባቱ ድምፃቸውን ሳያነሱ አንድ ነገር ጠየቁት፤ እሱም አንድ ነገር መለሰ። ምህረት ከሩቅ ስለነበረች አልሰማችም። ሲጨርስ ከተማሪ ደብተር ወረቀት ቀዶ ጻፈና በሷ ላከው። ይኸው፤

«ብዙዬ፣ ሽሮ ሥሪ ያልሁሽ አፍሬብሽ አይደለም። አፍንጫቸውን ስለማውቅ ነው። አባቴ ከሰው ሁሉ ፊት፣ ቅቤ ቢሆንስ አሉኝ። ቅቤ ቢሆን እሷ ትነግረኛለች አልኋቸው። ከሰዓት እቤት ና ብለውኛል፤ መልሳቸውን ዛሬ ይሰጡኛል። ጸልዪልን። ኒቆዲሞስ።»

እሷ ትነግረኛለች።

እንዲህ ታምኜ አላውቅም። እንዲህም ፈርቼ አላውቅም። በእጄ የድስቷ ጥላሸት ነበረበት፤ ወረቀቱን ሳጥፈው ስሙ ላይ ተለቀለቀ።

«ምን ሆንሽ?» አለች ምህረት። «እልል በይ እንጂ!»

የድስቷን ነገር ነገርኋት። 

«አታብጂ» አለች። «ማን ያውቃል? እኔ፣ አንቺ፣ እናትሽ። አምጪያት፣ አሁን በአመድ ፈትጌ ልመልስልሽ። አለቀ።»

እናቴን አየኋት። እናቴ መሬት መሬት አየች። ድስቷን አልሰጠሁም፤ ነጠላዬን አነሳሁ። ኒቆን ልፈልግ ወጣሁ።

*

ከገበያው በላይ ባለው መንገድ ላይ ደረስሁበት። ወደ አባቱ ቤት እየሄደ ነው። ሲያየኝ ፊቱ በራ። ያንን ፊት ብዙ ካየሁ እንደማልናገር ስለማውቅ ቶሎ አልሁት።

«ኒቆ፣ ዘይት ነው። ድስቷ ግን ቅቤ የሚነጠርባት ናት። ከቅበላ ወዲህ መታጠቧን ማናችንም አናውቅም።»

«ማለት?»

«ማለት ቅቤ በልተህ ይሆናል። ላይሆንም ይችላል። አላውቅም።»

ከወግዲ የመጣ ሚኒባስ አቧራውን አልብሶን አለፈ። አቧራውን ከዓይኑ ጠረገ።

«ማን ያውቃል?» አለ።

እሱም እንደ ምህረት!

«እናቴና ምህረት።»

«ስሚኝ። አባቴ ሊፈቅዱ ነው። ጠዋት ስላንቺ የመለስሁላቸው ልባቸውን አራርቶታል፤ እናቴ ሹክ ብላኛለች። አሁን፣ ዛሬ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ! እኔ ለንስሐ አባቴ ለብቻዬ እናገራለሁ። አንቺ ዝም በይ። እሱን ብቻ።»

«ዲያቆኑ አንተ ነህ እኔ?»

«ሰው ነኝ!» ብሎ ጮኸ። ሁለት መንገደኞች ዞር ብለው አዩን። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዛሬ እምቢ ካሉ ከፋሲካ በኋላ የወግዲዋን ነው የሚድሩልኝ። ቃል ከሰጡ አይመለሱም። ብዙዬ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ ጎርሻለሁ። አልፈራሁም። አሁን ነው የፈራሁት።»

«እሷ ትነግረኛለች ብለሃል።»

«ነገርሽኝ። ይበቃል።»

«ለአባትህ ነው ቃል የገባህልኝ። ሰው ፊት።»

«አትሂጂ።»

«ዛሬ ዝም ብዬ ብገባ፣ ቤታችሁ ምን ላበስል ነው? ዕድሜዬን ሙሉ ክዳን በከፈትሁ ቁጥር የአባትህን ፊት ሳይ ልኖር ነው?»

 እጁን ወደ ነጠላዬ ጫፍ ዘረጋና መንገድ መሆኑ ትዝ ሲለው ሰበሰበው። ዓይኑ እንደዚያ ሲለምን አይቼው አላውቅም። አልፌው ሄድሁ። እግሬ ወደፊት ይሄዳል፤ የቀረሁት እኔ ነኝ፣ እዚያው አቧራው ላይ፣ እሱ ፊት።

*

እናቱ እማማ ሸዋረግ ደጃፉ ላይ በሰፌድ የምስር ክክ ይለቅማሉ።

«ኸይር ነው ልጄ? ፊትሽ ምነው?»

«ኸይር ነው እማማ። አባታችንን ፈልጌ ነው።»

ቄስ ወልደሩፋኤል ከውስጥ «ትግባ» አሉ። እማማ ሸዋረግ ሰፌዳቸውን እንደያዙ ተከተሉኝ። ተንበርክኬ መስቀል ተሳለምሁ፤ እንደተንበረከክሁም ተናገርሁ። ዘይቱን። ድስቷን። እናቴ ለኔ፣ እኔ ለእናቴ መተዋችንን። ለእንባዬ ጊዜ አልሰጠሁትም።

ሰፌዱ መወዛወዝ አቆመ።

«ማን ንገሪ አለሽ?» አሉ ቄሱ።

«ማንም።»

«ልጄ ያውቃል?»

«አሁን መንገድ ላይ ነገርሁት።»

«ምን አለሽ?»

ይህን አላሰብሁም ነበር። እውነቱን ብናገር እሱን አዋረድሁት። ብዋሽ ለምን መጣሁ?  ዓይኔን መስቀላቸው ላይ አድርጌ ቀረሁ። በዘገየሁ ቁጥር በኒቆ ላይ እየነገርሁበት እንደሆነ ይሰማኛል።

«እሱን ይጠይቁት አባታችን» አልሁ በመጨረሻ።

«ዝም በይ አልኋት።»

ኒቆ በሩ ላይ ቆሟል። ጫማውም ፀጉሩም አቧራ ነው። ሮጦ ነው የመጣው። ገባና አጠገቤ ተንበረከከ።

«ዝም በይ አልኋት አባ። እምቢ አለችኝ።»

ቄስ ወልደሩፋኤል ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ጠዋት ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ቅቤ ቢሆን ትነግረኛለች አልኸኝ።»

«ብያለሁ።»

«ከሰዓት ደግሞ አትንገሪ አልሃት።»

«አዎ አባ።»

«እንግዲያ ከራስህ ይልቅ እሷን ታውቃታለህ።»

ሳቅ ይሁን ቁጣ ከድምፃቸው አልለየሁም። ወደኔ ዞሩ።

«የንስሐ አባትሽ ማን ነው?»

«የለኝም አባታችን። ከተመለስሁ ወዲህ አልያዝሁም።»

«ስድስት ዓመት አረብ አገር፣ አሁን ደግሞ እዚህ። ያለ ንስሐ አባት?»

«አዎ።»

አለቀ አልሁ በልቤ። የወግዲዋ ልጅ ያለ ንስሐ አባት አንድ ቀን አላደረችም ይሆናል። ኒቆ አጠገቤ ሲተነፍስ ይሰማኛል፤ አጭር አጭር፣ እንደታመመ ሰው። ላየው አልደፈርሁም።

ቄሱ ተነሱ። ጥምጥማቸውን አስተካከሉ። ለምን እንደሚዘገዩ አላውቅም፤ ሽማግሌ ሁሉ እንዲህ ነው፣ ሰው እየሞተ ጥምጥም ያስተካክላል።

«ቀኖና የምሰጣችሁ እኔ አይደለሁም» አሉ። «አባት ነኝ፤ ለልጄ አደላለሁ። የሱ የንስሐ አባት ቄስ ይሄነው ናቸው። አንቺም እሳቸውን ያዢ።»

«እሺ አባታችን። መቼ ልሂድ?»

«ነገ። አብራችሁ ሂዱ። ለሁለታችሁ አንድ ሰው ይበቃል።»

አልገባኝም። እውነቴን ነው፣ ወዲያው አልገባኝም። የገባኝ እማማ ሸዋረግ ሰፌዱን ሲጥሉት ነው። ክኩ ወለሉን ሞላው። እሳቸው አፋቸውን በሁለት እጃቸው አፍነዋል፤ እልልታው በሁዳዴ እንዳያመልጣቸው። ያኔ አስታወስሁ። እኛ አገር አንድ የንስሐ አባት የአንድ ቤት ነው። የባልና የሚስት።

«እስከ ፋሲካ ግን» አሉ ቄሱ ከበሩ ሳይዞሩ፣ «ስለ ሽማግሌ አንድ ቃል እንዳልሰማ። ጾም ነው!» ብለው ወጡ።

ቀና ማለት አቃተኝ። ስለዚህ ክኩን መልቀም ጀመርሁ፤ አንድ አንድ፣ ከወለሉ። ኒቆም ይለቅማል።

«ተቀየምሽኝ?» አለ፣ ቀስ ብሎ።

«አዎ።»

«እስከ መቼ?»

«እኔንጃ። ልቀም።»

ለቀመ። አንዷን ፍሬ ሦስት ጊዜ አነሳኋት፣ ሦስት ጊዜ ወደቀች። በአራተኛው ሳነሳት የሱም እጅ መጣ። እሱም ጣላት። ፍርሃቱ አልለቀቀኝም፤ ነገ ለቄስ ይሄነው ምን ብዬ እንደምጀምር እንኳ አላውቅም። ግን እስከዚያች ሰዓት ድረስ ብቻዬን ነበር የፈራሁት።